ሬንጀር ሳይለብሱ አጋዘን ማደን ይቻላል?

ሰሞኑን አንድ የድሮ ተማሪዬ በውስጥ መስመር ጻፈልኝ። እሱም እንደኔ ሚኒሶታ ነው የሚኖረው፤ ከመጣ ገና ሦስት ዓመቱ ነው። በየዓመቱ እንቁጣጣሽ ካለፈ በኋላ የአደን ፎቶ ስለጥፍ እያየ «አንድ ቀን ይውሰዱኝ» ሲለኝ ከርሞ ዘንድሮ ቆርጦ ተነሳ። የአዳኞች ትምህርቱን ጨርሷል። ከሥራ ባልደረባው ደጋን ተውሶ ማታ ማታ ጓሮ ውስጥ ይለማመዳል። መልእክቱ እንዲህ ይላል፦

«ቲቸር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት ነበር። ያንን ሬንጀር የሚመስለውን ልብስ ሳልለብስ መምጣት እችላለሁ? ዋጋውም አልቀመስ ብሎኛል። ከዋጋው በላይ ግን እንደዛ ያለ ልብስ ሁለተኛ ገላዬ ላይ ማድረግ አልፈልግም። ግድ ከሆነ ይቅርብኝ።»

ለምን ብዬ አልጠየቅኩትም። ከኔ ክፍል ወጥቶ እዚህ እስኪደርስ መሀል ላይ ስላሉት ዓመታት እሱ ካላነሳ እኔ አላነሳም።

መልሱን ለሱ ብቻ ልጽፍለት ጀምሬ ነበር። ከዛ ሳስበው ይህንኑ ጥያቄ በሆዱ ይዞ ዝም ያለ ሌላም ሰው አይጠፋም አልኩ። የልብሱን ዋጋ አይቶ የተመለሰ አለ። እንደሱ ያ መልክ የማይስማማው አለ። ሌላው ደግሞ አደን ማለት ያ ልብስ ስለሚመስለው «ይሄ የኔ ነገር አይደለም» ብሎ ገና በሩ ላይ ይቀራል። ስለዚህ እዚሁ ልጻፈው።

መልሴ አጭር ነው፤ ትችላለህ። አጋዘን በቀስት ለማደን ዥንጉርጉር ልብስ አያስፈልግህም። የሚያስፈልግህ ድምፅ የማያወጣና ለዕለቱ አየር የሚሆን ልብስ ነው። ሁለቱን ካሟላህ ዥንጉርጉሩ ኖረ አልኖረ ልዩነቱ ትንሽ ነው። ሁለቱን ካላሟላህ ግን የትኛውም ዥንጉርጉር አያድንህም።

በነገራችን ላይ አጋዘን የምለው እዚህ አገር ነጭ ጭራ የሚባለውን ነው። ሲደነግጥ ጭራውን ሽቅብ አንስቶ ነጩን እያውለበለበ የሚሮጠውን። አገር ቤት አጋዘን የምንለው ባለ ጠምዛዛ ቀንዱ ሌላ እንስሳ ነው፤ ስሙን ተውሰን ነው የምንጠራው።

አሁን ወደ ነገሬ። ባዮሎጂ ያስተማርኳችሁ ታስታውሳላችሁ፤ የዓይንን ሥዕል በባለቀለም ጠመኔ ሰሌዳው ላይ ስዬ፣ ሬቲና ላይ ሮድ እና ኮን የሚባሉ ብርሃን ተቀባይ ሴሎች አሉ ብያችሁ ነበር። ሮድ ለድንግዝግዝ፣ ኮን ለቀለም። ፈተና ላይም ትመጣ ነበር። ሰው ሦስት ዓይነት ኮን አለው። አጋዘን ያለው ሁለት ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ጆርጂያ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በነጭ ጭራ አጋዘኖች ላይ ልኬት ተደርጎ ነበር። አንደኛው ኮን ይበልጥ የሚነቃው ከ450 እስከ 460 ናኖሜትር ባለው ብርሃን ነው፤ ይሄ ሰማያዊው ወገን ነው። ሁለተኛው 537 ናኖሜትር አካባቢ ላለው፣ ማለትም ለአረንጓዴው ወገን ነው። ለቀይ የሚሆነው ሦስተኛው ኮን የለም።

ይሄ ማለት ለኛ ዓይናችንን የሚወጋው ቀይና ብርቱካናማ ለአጋዘን የደበዘዘ፣ ወደ ቢጫ ወይም ወደ ግራጫ የሚያደላ ነገር ነው። ሰማያዊን ግን አሳምሮ ያያል። እንዲያውም የሱ ዓይን ሌንስ የኛ ሌንስ የሚያግደውን አልትራቫዮሌት ብርሃን ስለሚያሳልፍ፣ በዚያ በኩል ከኛ ይሻላል። ስለዚህ አሥር ዓይነት ቅጠል የታተመበት ጃኬት ለብሶ ከታች በሰማያዊ ጅንስ የሚወጣ ሰው ገንዘቡን ከላይ አፍስሶ ከታች ራሱን አጋለጠ ማለት ነው። ቀይና ጥቁር ሹራብ የለበሰው ከሱ በተሻለ ተደብቋል።

ሌላው የዓይን ጥራት ነው። አጋዘን ጥቃቅን ነገር ለይቶ በማየት ከሰው ያንሳል። እኛ ቅርንጫፍ በቅርንጫፍ፣ ቅጠል በቅጠል የምንለየውን እሱ ደብዘዝ አድርጎ ነው የሚያየው። እንግዲህ አስቡት፤ ፋብሪካው ልብሱ ላይ የዛፉን ቅርፊት፣ የደረቀውን ቅጠል፣ የቅጠሉን ጥላ ሳይቀር ያትማል። ያ ሁሉ ጥበብ የሚያስደንቀው ሱቅ ውስጥ መደርደሪያው ፊት የቆመውን ገዢ ነው። አጋዘኑ ጋ ሲደርስ አንድ ቡኒ ነገር ሆኗል።

ታዲያ አጋዘን በምን ይበልጠናል? ዓይኖቹ በራሱ ግራና ቀኝ ስለሆኑ አንገቱን ሳያዞር ዙሪያውን 300 ዲግሪ ያህል ያያል። በንጋትና በምሽት ድንግዝግዝ ከኛ በጣም ይሻላል። ከሁሉም በላይ እንቅስቃሴ አያመልጠውም። አፍንጫህን ለማከክ እጅህን ብታነሳ ያያታል። አፍንጫውና ጆሮው ደግሞ ከዓይኑም ይብሳሉ። ስለዚህ ስለ ልብስ የምንጠይቀው «ምን ይመስላል?» ብለን መሆን የለበትም። «ይሄን ለብሼ ሦስት ሰዓት ሳልነቃነቅ መቀመጥ እችላለሁ ወይ? ክንዴን ሳነሳስ ይሰማል ወይ?» ብለን ነው።

«ታዲያ ሁሉም ሰው ለምን ይለብሰዋል?» ትሉኝ ይሆናል። ነገሩ የቅርብ ጊዜ ነው። የዛፍ ቅርፊት የሚመስለው ትሬባርክ የሚባለው ንድፍ ገበያ ላይ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1980 አካባቢ ነው። ዛሬ በየሱቁ የምታዩዋቸው ሪልትሪ እና ሞሲ ኦክ ሁለቱም የተጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1986 ነው። ከዚያ በፊት እዚህ ሰሜኑ ክፍል አዳኝ ሲባል ሰው ዓይን ላይ የሚመጣው ዳማ መጫወቻ የሚመስለው ቀይና ጥቁር የሱፍ ሸሚዝ ነበር። የነዚያ ሰዎች ልጆች ያደጉት የአጋዘን ሥጋ እየበሉ ነው።

ወደ ኋላም ብትሄዱ ያው ነው። የያሂ ሕዝብ የመጨረሻው ሰው የሚባለው ኢሺ እ.ኤ.አ. ከ1911 በኋላ ካሊፎርኒያ ውስጥ ከነጮቹ ጋር ሲኖር፣ ሳክስተን ፖፕ የሚባል ሐኪም ወዳጁን በቀስት ማደን አስተምሮታል። ፖፕ እ.ኤ.አ. በ1923 ባሳተመው መጽሐፍ ላይ ኢሺ በአደን ዋዜማ ዓሣ እንደማይበላና ትምባሆ እንደማያጨስ ጽፏል፤ ሽታው ከሩቅ ስለሚታወቅ ነው። ሰውየው የተጨነቀው ለአፍንጫው ነበር።

ይሄን ሁሉ ግን ከመጽሐፍ አይደለም መጀመሪያ የተማርኩት። በአንዲት አጋዘን ስቃይ ነው የተማርኩት። ስለሱ እስከ ዛሬ እዚህ ገጽ ላይ ጽፌ አላውቅም።

የመጀመሪያ ዓመቴ ነበር። እንደማንኛውም ጀማሪ ከትልቅ ሱቅ ገብቼ ዥንጉርጉር ጃኬትና ሱሪ ገዛሁ። 260 ዶላር ከፈልኩ፤ ያኔ ለኔ የሁለት ሳምንት የአስቤዛ ገንዘብ ነው። ውጩ ነፋስ የማያስገባ ናይለን ነበር። መስታወት ፊት ቆሜ ራሴን ሳይ እውነተኛ አዳኝ መሰልኩ። ባለቤቴ ሳቀችብኝ እንጂ።

ጥቅምት አጋማሽ ላይ፣ ውርጭ በጣለበት ማለዳ ዛፍ ላይ የሚታሰረው መቀመጫ፣ እዚህ ትሪ ስታንድ የሚሉት ላይ ቁጭ ብያለሁ። ፀሐይ ወጣ እንዳለች አንዲት እንስት አጋዘን እያሸተተች መጣች። 20 ያርድ፣ በሜትር 18 አካባቢ ላይ ቆመች። ደጋኑን አነሳሁ። ናይለን ብርድ ሲመታው እንደሚደርቅ አላውቅም ነበር። እጅጌዬ ከደረቴ ጋር ሲተሻሽ እንደ ቺፕስ ከረጢት «ሽርርጭ» አለ። ቀና አለች። ሁለቱም ጆሮዎቿ ወደኔ ዞሩ። እግሯ ተወጠረ።

እዚህ ላይ ማቆም ነበረብኝ። አላቆምኩም። ልታመልጠኝ ነው ብዬ ቸኩዬ ሳብኩ፤ ቸኩዬ ለቀቅኩ። የደጋኑ አውታር ሰፊውን እጅጌዬን ገጨው። ፍላጻው ሳንባዋ ላይ መግባት ሲገባው ወደ ኋላ ሄዶ ሆዷን መታ።

ያን ቀን እስኪመሽ ፈለግናት። የመንደሬ ሰው የሆኑ አንድ ሽማግሌ አዳኝ መጥተው አገዙኝ። ደሙ ጠብታ በጠብታ እስከ ረግረጉ ድረስ ወሰደንና እዚያ ጠፋ። በማግሥቱም ከሥራ ቀርቼ ፈለግኩ። አላገኘኋትም። ሆዱን የተመታ አጋዘን ቶሎ አይሞትም፤ ሰዓታት ይፈጅበታል። ያቺ እንስሳ ያን ሌሊት እንዴት እንዳሳለፈችው ዛሬም ሳስበው ይከብደኛል። ጥፋቱን ሁሉ ጃኬቱ ላይ አላላክክም፤ የለቀቀው የኔ ጣት ነው። ግን ያ ጃኬት ባይጮህ ኖሮ ቀና አትልም ነበር። እጅጌው ባይሰፋ ኖሮ ፍላጻው መንገዱን አይስትም ነበር።

ሽማግሌው ሲመሽ ጃኬቴን በሁለት ጣት ይዘው አሸት አሸት አደረጉትና «አንተ ሳትደርስ ልብስህ ደረሰ» አሉኝ። እሳቸው ጉልበቱ ላይ የተጣፈ ግራጫ የሱፍ ሱሪና ያንን ቀይና ጥቁር ሸሚዝ ነበር የለበሱት። ቀኑን ሙሉ እሾሁና ቅርንጫፉ መሀል ከጎኔ ሲሄዱ እግራቸው እንጂ ልብሳቸው ተሰምቶኝ አያውቅም።

እስኪ ትንሽ ፊዚክስ እንጨምርበት፤ የፊዚክስ መምህራችሁ ይቅር ይበለኝ። ዘመናዊው ደጋን ፍላጻውን በሰከንድ 85 ሜትር አካባቢ ይወረውራል። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ይሄዳል። አጋዘኗ 18 ሜትር ላይ ካለች የአውታሩ ድምፅ የሰከንድ አንድ ሃያኛ ገደማ በሚሆን ጊዜ ውስጥ ይደርሳታል። ፍላጻው ግን አንድ አምስተኛ ሰከንድ ይፈጅበታል። መሀል ላይ ያለው ጊዜ ለኛ ምንም ነው፤ ለሷ ግን በቂ ነው። ለመሮጥ መጀመሪያ ጉልበቷን አጥፋ ዝቅ ትላለች፤ ያኔ ፍላጻው ካሰብክበት በላይ ያልፋል ወይ መጥፎ ቦታ ይመታል። ተረጋግታ ቅጠል የምትበላ አጋዘን የመዝለሏ ዕድል ያነሰ ነው። ልብስህ ቀድሞ ያስጠነቀቃት ግን እንደ ተወጠረ ወጥመድ ትጠብቅሃለች። ስለዚህ ጸጥ ያለ ልብስ የሚጠቅመው ለአንተ ብቻ አይመስለኝም። ለእንስሳዋም ነው። ከገደልን በአንዴ መግደል አለብን፤ ይሄ ነው ድርድር የሌለው።

አሁን ወደ አየሩ እንምጣ። እዚህ ሚኒሶታ የቀስት ወቅት የሚከፈተው በመስከረም አጋማሽ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው፤ የኛ አዲስ ዓመት ገና ሳምንቱ ላይ። የሚዘጋው ዲሴምበር 31 ነው። በአንድ ወቅት ውስጥ 25 ዲግሪ ሴልሺየስ ሙቀትም፣ ከዜሮ በታች 20 የሚወርድ ብርድም ታያላችሁ። አንድ ጃኬት ለሁለቱም አይሆንም። አዳኙ ደግሞ እንደ ተራማጅ እየሄደ አይሞቅም፤ ቁጭ ብሎ ነው የሚበርደው።

ብርድ የያዘው ሰው ምን ያደርጋል? እግሩን ያወዛውዛል፣ እጁን ያሻሻል፣ አንገቱን ያዞራል። በየአምስት ደቂቃው ሰዓት ያያል። ይሄ ሁሉ እንቅስቃሴ ነው፤ እንቅስቃሴ ደግሞ አጋዘን የሚያየው ነገር ነው። ከዛም ሲብስ ጡንቻው ይደርቅና ሰውየው በመስከረም በቀላሉ የሳበውን ደጋን በኅዳር መሳብ ያቅተዋል። እየተንቀጠቀጠ ይለቃል። ሙቀት ምቾት ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ የሞቀው ሰው ዝም ብሎ ይቀመጣል፣ ዝም ብሎ የተቀመጠው አይታይም።

በዚህ ነገር ላይ መንዝና ጓሳ አካባቢ ላደገ ሰው መምህር አያስፈልገውም። እዚያ ደጋ ላይ በርኖስና ባና የሚሠራው ከበግ ጠጉር ነው። በጉም ያንኑ ለብሶ ነው ዝናቡን የሚያሳልፈው። ሱፍ ከክብደቱ ሲሶ የሚጠጋ እርጥበት ጠጥቶ እንኳ ገላ ላይ እርጥብ አይመስልም፤ ቢረጥብም ሙቀቱን ጨርሶ አይለቅም። ቅርንጫፍ ሲነካው ድምፅ አያወጣም። ጋቢ ነፍሴ ነው፤ ደረቅ እስከሆነ ድረስም ይሞቃል። ግን ጥጥ ነው። ጥጥ አንዴ በላብ ወይም በዝናብ ከራሰ ሙቀትህን መጥጦ ይወስዳል። ስለዚህ ጋቢውን ቤት ለቡናው ተዉት፤ ነጭነቱም በበልግ ጫካ ውስጥ ከሩቅ ይጠራል።

እኔ አሁን የምለብሰውን ልንገራችሁ። የምገዛው እዚህ ትሪፍት ከሚሉት ከሳልባጅ ቤት ነው። ግራጫ የሱፍ ሱሪ 12 ዶላር፣ ወፍራም ቡኒ የሱፍ ሹራብ 8 ዶላር፣ ዳማ መልክ ያለው የሱፍ ሸሚዝ 10 ዶላር። ከውስጥ ገላ ላይ የሚጣበቅ ቀጭን የሱፍ ካናቴራ አለኝ፤ እሱን ብቻ ነው አዲስ የገዛሁት። ለከባዱ ብርድ ልጄ ሲያድግ የጣለው ወፍራም የፍሊስ ጃኬት አለ። ሱፍ ቆዳውን የሚያሳክከው ሰው ፍሊስ ይልበስ፤ እሱም ጸጥ ያለ ነው፣ ውሃ ቶሎ ይደርቅለታል፣ ነፋስ ግን ያስገባል። በመስከረሙ ሙቀት ቀጭን ሸሚዝና አሮጌ ቡኒ ሱሪ ይበቃል።

ቀለሙን በተመለከተ ግራጫ፣ ቡኒ፣ ጥቁር አረንጓዴ የመሳሰለውን መሀከለኛ ቀለም ምረጡ። ላይና ታቹ የተለያየ ቢሆን ጥሩ ነው፤ አንድ ወጥ የሆነ ትልቅ ነገር እንዳትመስሉ። ሰማያዊና ነጭ ይቅር። ከኋላችሁ ወፍራም ግንድ ወይም ቅርንጫፍ እንዲኖር አድርጋችሁ ተቀመጡ። ከኋላችሁ ባዶ ሰማይ ካለ ምንም ብትለብሱ ጥላችሁ ይታያል። ፈረንጆቹ ፊታቸው እንዳያበራ ጥላሸት ይቀባሉ፤ እኛን እንኳ ፈጣሪ ከዚህ ወጪ ገላግሎናል።

ልብሱን ከገዛችሁ በኋላ ሦስት ነገር ፈትሹ።

መጀመሪያ ድምፁን። ማታ ቤቱ ጸጥ ሲል ልብሱን ለብሳችሁ ክንዳችሁን ከደረታችሁ ጋር አሻሹ፣ ጨርቁን በጥፍራችሁ ጫር አድርጉት። ከተሰማችሁ አጋዘኑም ይሰማዋል። ቀርር ብሎ የሚላቀቅ ቬልክሮ ካለው ፍቱትና ቁልፍ ስፉበት። የሚንኳኳ የዚፕ ጫፍ ካለ በክር እሰሩት። ሳንቲምና የመኪና ቁልፍ ከኪስ ይውጣ።

ሁለተኛ ብርሃኑን። ብዙ የልብስ ሳሙና ውስጥ ነጭን የሚያደምቅ ኬሚካል አለ፤ ያ ኬሚካል አልትራቫዮሌቱን ወስዶ ሰማያዊ አድርጎ ይመልሰዋል። አጋዘን ዓይን ላይ ደግሞ ሰማያዊ ያበራል ብለናል። የገንዘብ ኖት የሚፈተሽበትን ወይን ጠጅ መብራት በጨለማ ውስጥ ልብሱ ላይ አብሩበት። ከደመቀ ማድመቂያ በሌለው ሳሙና ደጋግማችሁ እጠቡት።

ሦስተኛ እጅጌውን። ጠቅላላ ልብሱን፣ ጓንቱንም ኮፍያውንም ሳይቀር ለብሳችሁ፣ የደህንነት ቀበቶውንም አስራችሁ፣ ወንበር ላይ ቁጭ ብላችሁ ጓሮ ውስጥ ተኩሱ። አውታሩ እጅጌውን የሚነካ ከሆነ ክንዱ ላይ የሚታሰር መከላከያ አድርጉ፤ ወይ ወፍራሙን ነገር እጅጌ የሌለው ሰደርያ አድርጉት። ቲሸርት ለብሶ ተለማምዶ በካፖርት የሚያድን ሰው ያልተማረውን ፈተና ነው የሚቀመጠው።

ሌላው ላብ ነው። ወደ መቀመጫችሁ ስትሄዱ ቀለል ብላችሁ፣ ትንሽ እየበረዳችሁ ሂዱ። ወፍራሙን በቦርሳ ተሸክማችሁ ከደረሳችሁና ትንፋሻችሁ ከተመለሰ በኋላ ልበሱት። ካልሲ ደርቤ ጫማውን ካጠበቅኩት ይሞቀኛል የምትሉም አላችሁ፤ ደሙ አይዘዋወርም፤ ይብስ ይቀዘቅዛል።

ሽታው ደግሞ የኛ ቤት ልዩ ችግር ነው። ሽንኩርት ሲቁላላ፣ በርበሬው ሲገባ፣ በዚያ ላይ ዕጣኑ። ሱፍ ይህን ሁሉ ይዞ ይከርማል። እኔ የአደን ልብሴን ጋራዥ ውስጥ ክዳን ባለው ሳጥን ነው የማስቀምጠው፤ ባለቤቴ ወጥ ስትሠራ በኩሽና በር እንኳ አላሳልፈውም። ያም ሆኖ የሰው ሽታ አይጠፋም። ነፋሱ ከአጋዘኑ ወደኔ እንዲመጣ አድርጌ እቀመጣለሁ፤ ነፋሱ ከዞረ ተነስቼ ወደ ቤቴ እሄዳለሁ።

እውነቱን ለመናገር ዥንጉርጉሩ የሚጠቅምበት ቦታም አለ። የጫካ ተርኪ የሚያድን ሰው ይልበሰው፤ ወፍ ቀለም ከኛ የተሻለ ያያል። መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ግንድ የማይደገፍም ሰው ቅርጹን የሚሰባብርለት ነገር ቢለብስ አይጎዳም። ቤታችሁ ያለውን ልብስ አውጥታችሁ ጣሉም አላልኩም፤ ጸጥ ያለና የሚሞቅ ከሆነ ልበሱት። የኔ ክርክር ልብሱ የመግቢያ ትኬት አይሁን ነው።

አንድ ነገር ግን ግድ ነው። በሚኒሶታ የጠመንጃው የአጋዘን ወቅት ሲከፈት ቀስት የያዘም ሰው ከወገብ በላይ ብርቱካናማ ወይም ደማቅ ሮዝ መልበስ አለበት፤ ኮፍያውም ጭምር። ሕግ ነው። እንዳልኳችሁ አጋዘኑ ያን ቀለም ደብዛዛ አድርጎ ነው የሚያየው፤ ጠመንጃ የያዘው ሰው ግን በደንብ ያየዋል። በዚያ ወቅት በየጫካው ብርቱካናማ ለብሰው አጋዘን የሚገድሉትን ሰዎች ብዛት ስታዩ፣ ተደብቆ መግደል የሚባለው ነገር ስንቱ እውነት ስንቱ ሽያጭ እንደሆነ ትረዳላችሁ።

አሁን ወደ አንተ ልመለስ፣ ልጄ። ያንን ልብስ ድጋሚ መልበስ የለብህም። ማንም ጫካ ውስጥ «ለምን አልለበስክም?» ብሎ አይጠይቅህም፤ አጋዘኗም አትጠይቅህም። ቅዳሜ ከሰዓት ቤት ና። የኔ ሁለተኛ የሱፍ ሱሪ ወገቡ ይሰፋሃል፤ ባለቤቴ ታጠብልሃለች። ከዛ ሳልባጅ ቤት እንሄዳለን፤ ሹራብና ሸሚዝ ከ30 ዶላር በታች እናገኛለን። ስንመለስ ልብሱን ለብሰህ ጓሮ ውስጥ ቁጭ ብለህ ትተኩሳለህ። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ አዳምጥሃለሁ። ካልሰማሁህ እሁድ በሌሊት እንወጣለን።

የዘንድሮው ቀናን ካለ ደግሞ ጾመ ነቢያት ሳይገባ ጥብሱን እንቀምሳለን። ከገባ በኋላም ከሆነ ፍሪዘር ውስጥ ገናን ይጠብቃል።

ሌሎቻችሁም የሱፍ ልብስ ተርፎ ያላችሁ፣ ቀለሙ ሰማያዊና ነጭ ካልሆነ አትጣሉት፤ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። የሚለብሰው ሰው አለኝ።

ሰላም ሁኑ።